መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል፤ ሕፃኑ ጋ የሚደርሰው ግን ስንት ነው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ሆስፒታል የባዮሜዲካል ቴክኒሻን ነኝ። የምጠይቃችሁ ስለ ፎቶቴራፒ ማሽን ነው። ቢጫ የሆኑ ጨቅላ ሕፃናት የሚተኙበት ያ ሰማያዊ መብራት።

ባለፈው ወር የሆነውን ልንገራችሁ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን ውስጥ ሦስት ማሽኖች አሉ። አንዱ ኤልኢዲ ነው። ሁለቱ በረጃጅም ፍሎረሰንት አምፖል የሚሠሩ የቆዩ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ ጠራችኝ። ኤልኢዲው ሥር የተኛው ሕፃን ቢሊሩቢኑ (ሕፃኑን ቢጫ የሚያደርገው በደም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) እንደታሰበው አልወረደም አለችኝ። ሄጄ አየሁ። መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል፣ ክፍሉ በሙሉ ሰማያዊ ሆኗል። ደህና ነው ብዬ ተመለስኩ።

በነጋታው ሌላ ቦታ የሚሠራ ጓደኛዬ የብርሃን መለኪያ ይዞ መጣ። ፍራሹ መሐል ላይ ሲያስቀምጠው 31 አነበበ። ደስ አለን። ከዚያ መለኪያውን ወደ እግር በኩል አንሸራተተው። 12 ሆነ። ቀና ብለን በደንብ ስናይ ከ4ቱ የኤልኢዲ ረድፎች ዳር ላይ ያለው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። የሦስቱ ብርሃን ዓይን ስለሚወጋ አራተኛውን ማንም ልብ አላለውም። እኔም ጭምር።

ሕፃኑ ደህና ሆኖ ወጥቷል። ሐኪሟ በዚያው ሌሊት ወደ ሌላ ማሽን አዛውራው ነበር። እኔን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ አምፖል ብቻ ያለው መሣሪያ ሲበላሽ ይጨልማል፣ ሰው ያውቃል። ብዙ አምፖል ያለው ግን እየቀነሰ በርቶ ይቆያል። ስለዚህ ጥያቄዬ ይኼ ነው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ብርሃን በምን ትከታተላላችሁ? በጅምላ ነው ወይስ ረድፍ በረድፍ? መለኪያ የሌለው ሰውስ ምን ያድርግ?

(ቁጥሮቹ ማይክሮዋት በካሬ ሴንቲሜትር በናኖሜትር ናቸው። ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ።)

መልሶቹ

እስካሁን 23 መልስ ደርሷል። ክሩን፣ ማለትም ይህን የጥያቄና መልስ ውይይት፣ ገና ዛሬ የሚያገኙት ብዙ ናቸው። ስለዚህ በተራቸው እተርካቸዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ እኔ እንደገባኝ ነው የጻፍኩት።

መልስ 1። ባህር ዳር አካባቢ የሚሠራ የሙያ ባልደረባ ነው። በጣም በትሕትና ነው የጀመረው። መጀመሪያ እኔን አጽናናኝ፣ እሱም እንዲህ ያለ ነገር አልፎበታል። ከዚያ ወደ ቁጥሩ ገባ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጠንካራ ለሚባለው ሕክምና ቢያንስ 30 እንደሚያስፈልግ አስቀምጧል። እሱ ራሱ ሕፃኑ በሚተኛበት ቦታ በ5 ነጥብ ይለካል፤ ራስ፣ ሆድ፣ እግር፣ ቀኝና ግራ። መዝገቡ ላይ የሚያሰፍረው አምስቱንም ነው። አማካዩን ብቻ መጻፍ እንደማይወድ አጥብቆ ተናግሯል፤ የእኛ ማሽን አማካዩ ቢሰላ ያን ያህል መጥፎ መስሎ አይታይም ነበር። እውነቱን ነው። ቤቴ ገብቼ አሰላሁት።

መልስ 2። አንዲት ሲስተር ናት፣ ለ11 ዓመት ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሠርታለች። እኛ ቴክኒሻኖች የማናየውን ነገር አነሳች። ማሽኑ ከሕፃኑ ምን ያህል ይርቃል? ነርሷ ሕፃኑን ለማጥባት፣ ዳይፐር ለመቀየር፣ ደም ለመውሰድ መብራቱን ከፍ ታደርገዋለች። ሥራ ሲበዛ ሳይመለስ ይቀራል። ያኔ ሁሉም አምፖል ደህና ሆኖ ሕፃኑ ጋ የሚደርሰው በጣም ይቀንሳል። እሷ አምራቹ ያዘዘውን ርቀት በገመድ ለክታ ገመዱን ማሽኑ ላይ አስራዋለች። ገመዱ ፍራሹን ካልነካ መብራቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ከመልሶች ሁሉ በዚያው ቀን ሥራ ላይ ያዋልኩት ይህን ነው።

መልስ 3። አንድ ወጣት በስልክ መለካት እንደሚቻል ጻፈ። ሉክስ የሚለካ አፕ አለ፣ ነፃ ነው፣ መለኪያ ለመግዛት ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም ባይ ነው።

መልስ 4። ጀርመን የሚኖር የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ወዲያው አረመው። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር፣ ነገሩ ግን ትክክል ነው። ሉክስ የሚለካው ለሰው ዓይን በሚታየው ልክ ነው። ዓይናችን አብዝቶ የሚያየው በ555 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት ነው፣ ቀለሙን የሚለየው) አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ነው። በ460 ናኖሜትር ያለውን ሰማያዊ የሚቆጥረው የዚያን 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሕፃኑን የሚያክመው ደግሞ ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ያለው ሰማያዊ ነው። በስልኩ አፕ ቢለካ ተራ ነጭ አምፖል ከሕክምናው አምፖል በልጦ ሊታይ ይችላል። በዚህ ለክቶ ማሽን የሚመርጥ ሰው የማይረባውን ይመርጣል። መልስ 3 የጻፈው ልጅ ትንሽ ቅር አለው፣ በኋላ ግን አመስግኗል።

መልስ 5። ጡረታ የወጡ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ታሪክ ነገሩን። ይህ ሕክምና የተጀመረው በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ በሚገኘው የሮችፎርድ ሆስፒታል ነው። ሲስተር ዋርድ የሚባሉ ነርስ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት ግቢ አውጥተው ፀሐይ ያሞቋቸው ነበር። አንድ ቀን አንዱን ሕፃን ለሐኪሞቹ አሳዩ። ገላው ነጣ ብሏል፣ አንሶላ ሸፍኖት የቆየው ቦታ ግን ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል። በሌላ ጊዜ ደግሞ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ የተረሳ የደም ናሙና ቢሊሩቢኑ ወርዶ ተገኘ። ክሬመር፣ ፔሪማንና ሪቻርድስ ነገሩን በመብራት ሞክረው እ.ኤ.አ. በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙት።

ዶክተሩ ታሪኩን ያነሱት እንዲሁ አልነበረም። ያ አንሶላ የሸፈነው ቢጫ ቦታ የእኔ ጠፊ ረድፍ መሆኑን ሊያሳዩኝ ነው። ብርሃኑ የሚሠራው ባረፈበት ቆዳ ላይ ነው። ግማሽ አካሉ ብቻ ብርሃን ያገኘ ሕፃን መሐል ላይ 31 መነበቡ ለእግሩ አይጠቅመውም። አንድ ማስጠንቀቂያም አከሉ። መብራት ሥር ያለ ሕፃን ቆዳው ቶሎ ስለሚነጣ በዓይን አይቶ ዳነ ማለት አይቻልም። የደም ምርመራው ነው የሚነግረን። ይህን ካነበብኩ በኋላ የዚያች ነርስ ሥራ ምን ያህል ትልቅ እንደነበር ገባኝ። ቆዳውን ሳይሆን ቁጥሩን አይታ ነው የጠራችኝ።

መልስ 6። አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ የኤልኢዲ ማስታወቂያ ስክሪን የሚተክልና የሚጠግን ልጅ ነው። ስለ ሕክምና ምንም እንደማያውቅ አስቀድሞ ተናግሯል። የጠፋች ፍሬ፣ ማለትም አንዲት ነጠላ የኤልኢዲ መብራት፣ መፈለግ ግን የዕለት ሥራው ነው። ስልክህን አውጣ ይላል፤ ለመለካት ሳይሆን ለማየት። ካሜራውን ወደ መብራቱ አዙርና ስክሪኑን ነክተህ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው። ለዓይን አንድ ላይ የተቀላቀለው ብርሃን ተለያይቶ እያንዳንዷ ፍሬ ነጥብ ሆና ትታያለች። የጠፋችውም የደከመችውም ትለያለች። ዓይንህም አይጎዳም።

ለምን ረድፉ በሙሉ እንደጠፋም አስረዳኝ። ፍሬዎቹ በተርታ ተያይዘዋል። አንዷ ውስጧ ከተበጠሰ ኤሌክትሪኩ አያልፍም፣ ረድፉ ሁሉ ይጠፋል። አንዷ ሾርት ካደረገች ግን እሷ ብቻ ጠፍታ ሌሎቹ በርተው ይቀጥላሉ። ረድፎቹ አንድ የጋራ ኃይል ሰጪ ካላቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የጠፋው ረድፍ ድርሻ ወደ ቀሩት ይሄዳል። እነሱም ከልክ በላይ እየሠሩ ዕድሜያቸው ያጥራል። መሐል ላይ 31 ያነበብነውም ምናልባት በዚህ ነው፤ የቀሩት ሦስት ረድፎች የሟቹን ሸክም ተሸክመው።

መልስ 7 የእኔ ነው። በስልኩ ካሜራ ሞከርኩት፣ ሠራ። ከጠፋው ረድፍ ሌላ አንዲት ደካማ ፍሬ አገኘሁ።

መልስ 8። እዚህ ላይ የክሩ መንፈስ ተቀየረ። አንድ ሰው ስለ ሰዓት ቆጣሪው ጠየቀ። የዓለም ጤና ድርጅት የጨቅላ ሕፃናት መመሪያ ፍሎረሰንቱ እየበራም ቢሆን በ2000 ሰዓት ወይም በ3 ወር እንዲቀየር ያዛል፤ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው። ቀን ከሌት ከበራ 2000 ሰዓት 83 ቀን ነው። እሱ በሄደበት አንድ ቦታ ቆጣሪው 140 ሰዓት ይላል። አምፖሎቹ ጫፋቸው ጠቁሯል። ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሰው አምፖሉን አልቀየሩም። ይህን ያደረገ ቴክኒሻን ሙያውን መተው አለበት ብሎ ደመደመ።

መልስ 9። ሌላ ቴክኒሻን ተቆጣ። አምፖሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ከሌለ ቴክኒሻን ከየት ያምጣው? ግዥ ለመጠየቅ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ወራት ያልፋል፣ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ከላይ ተቀምጦ መውቀስ ቀላል ነው አለ። ሌላም ብዙ አለ፣ እዚህ አልደግመውም።

መልስ 10። መልስ 2 ላይ የጻፈችው ሲስተር ተመልሳ መጣች። ሁለቱንም በስም ሳትጠራ ገሠጸች። ዕቃ መጥፋቱን ታምናለች። ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መመለስ ግን ሌላ ነገር ነው። ቁጥሩን አምና ሕፃን የምታስተኛው እሷ ናት። አምፖል ከሌለ 3000 ሰዓት ብሎ ይቁም፣ እሷ ለሐኪሟ ትናገራለች፣ ሐኪሟም ሕፃኑ ወደ ሌላ ቦታ ይላክ ወይስ ይቆይ ብላ ትወስናለች። የተሰረዘ ቁጥር ያንን ዕድል ይወስድባቸዋል። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ስለ ግዥው መልስ 9 ያለው ሁሉ እውነት ነው፣ እኔም ኖሬዋለሁ። ቆጣሪውን ግን ነክቼ አላውቅም፣ ማንም እንዲነካ አልፈልግም።

መልስ 11። አንዲት እናት ጻፈች። የመጀመሪያ ልጇ በተወለደ በ3ኛው ቀን ቢጫ ሆነ። አማቷ የወፍ በሽታ ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ያሽረዋል አሉ። 2 ቀን ፀሐይ አሞቁት። ከዚያ ጡት መጥባት አቆመ፣ ሲነኩት ብቻ ያለቅሳል። ሆስፒታል ስትደርስ ቁጥሩ በጣም ከፍ ብሎ ነበር፣ ደሙን መቀየር አስፈለገ። ልጁ ዛሬ 6 ዓመቱ ነው፣ ደህና ነው። እሷ መብራቱ ሥር ተቀምጣ ያደረችባቸውን ሌሊቶች አትረሳም። መብራቱ ደካማ ሊሆን እንደሚችል ግን አስባ አታውቅም ነበር። ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 12። ከዚህ ወዲያ ወሬው ወደ ፀሐይ ሄደ። አንድ አባት እሱም ወንድሞቹም በጠዋት ፀሐይ እንደዳኑ፣ ማሽን ሳይኖርም ሕዝቡ እንደኖረ ጻፈ።

መልስ 13። ጡረተኛው ዶክተር መለሱለት። የሚወቅሱ አልነበሩም፣ አባቱን ልጄ እያሉ ነው የጻፉት። አብዛኛው ጨቅላ ትንሽ ቢጫ ሆኖ በራሱ ይለቀዋል፣ ፀሐይ ቢሞቅም ባይሞቅም። አደጋው ያለው በማይለቀው ላይ ነው። ቢሊሩቢኑ ወደ አንጎል ከገባ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል። ፀሐይ መጠኑ አይታወቅም፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ ራቁቱን የወጣ ሕፃን ደግሞ ይበርደዋል። ለጥቁር ቆዳ ሕፃን የዓይኑን ነጭ፣ ድዱን፣ መዳፉንና የእግሩን ሥር እዩ ብለዋል። ቢጫ ካያችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

መልስ 14። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ በፀሐይ ስለተሠራ አንድ ጥናት ነገረችን። ናይጄሪያ ውስጥ ጎጂውን ጨረርና ሙቀቱን የሚያስቀር ሽፋን ያለው ድንኳን ተሠርቶ ሕፃናት ሥሩ ታክመዋል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል፣ ጥሩ ነበር። ለእኛ ክር የምትጠቅመው ነጥብ ግን ይቺ ናት፤ እዚያ ብርሃኑ ይለካ ነበር። ድንኳኑም የሚሠራው በጤና ባለሙያ ቁጥጥር ሥር ነው። ደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅና ይህ አንድ አይደሉም።

መልስ 15። ጀርመን ያለው መሐንዲስ ወደ ጥያቄዬ መለሰን። ለእኔ የክሩ እምብርት ይህ ነው፣ ስለዚህ ዘርዘር አደርገዋለሁ።

ብዙ አምፖል ያለው መሣሪያ ራሱን እንዲከታተል ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ረድፍ የብርሃን ዳሳሽ (ሴንሰር) መትከል ይቻላል። ግን ዋጋው ይወደዳል፣ የአንዱ ረድፍ ብርሃንም በሌላው ዳሳሽ ላይ ያርፋል። ብዙ አምራቾች የሚለኩት ኤሌክትሪኩን ነው። እሱ ደግሞ አይበቃም። ያረጀ ኤልኢዲ ያንኑ ኤሌክትሪክ እየወሰደ ያነሰ ብርሃን ይሰጣል። ስለ ኤልኢዲ ዕድሜ ሲነገር የሚሰጠው የሰዓት ቁጥር እኮ ብዙ ጊዜ መብራቱ የሚጠፋበት አይደለም። ብርሃኑ ወደ 70 በመቶ የሚወርድበት ነው።

የተሻለው መንገድ አንድ ዳሳሽ ብቻ ይዞ ረድፎቹን በየተራ ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ ማጥፋት ነው። ዓይን አያየውም፣ ሕክምናውም አይጓደልም። አንዱ ሲጠፋ ዳሳሹ ላይ የሚታየው ቅናሽ የዚያ ረድፍ ድርሻ ነው። ሁሉንም ለቅጽበት አጥፍቶ ደግሞ ከመስኮት የሚገባውን ብርሃን ለይቶ መቀነስ ይቻላል። ከዳሳሹ የራቀው ረድፍ ድርሻው ትንሽ ቢሆን ችግር የለውም። የሚወዳደረው ከጎረቤቱ ጋር አይደለም፣ ማሽኑ አዲስ ሳለ ከነበረው ከራሱ ቁጥር ጋር ነው።

መልስ 16። አንድ ጠንቃቃ ሰው ተቃወመ። ዳሳሹ ራሱ ቢያረጅስ? አቧራ ቢሸፍነውስ? ያኔ ደህናው ማሽን ደከመ ተብሎ ይጣላል።

መልስ 17። መሐንዲሱ ተቃውሞውን ወደደው። አንድ ረድፍ ብቻ ከቀነሰ ችግሩ ረድፉ ላይ ነው፤ ዳሳሹ ደክሞ ቢሆን ሁሉንም አሳንሶ ያይ ነበር። ሁሉም በአንድ ልክ ከቀነሱ ግን ሦስት ተጠርጣሪ አለ፤ ሽፋኑ ላይ ያለ አቧራ፣ የኃይል መውረድ፣ ወይም ዳሳሹ። መጀመሪያ ሽፋኑን ጥረግ፣ ቀጥሎ ቮልቴጁን እይ፣ የቀረው ዳሳሹ ነው። ያን ጊዜ በእጅ መለኪያ ፍራሹ ላይ ለክተህ ታረጋግጣለህ። የውስጥ ዳሳሽ ስላለ ፍራሹን መለካት አይቀርም ብሎ ደጋግሞ አሳስቧል። ዳሳሹ የሚያየው አምፖሉን ነው። ሕፃኑ ጋ የደረሰውን አያይም።

መልስ 18። ባህር ዳር ያለው ባልደረባዬ ስለ ደረጃው አከለ። አይኢሲ 60601-2-50 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለእነዚህ ማሽኖች ነው የወጣው። የሚለካው ቦታ በተለምዶ 60 በ30 ሴንቲሜትር ነው። ዝቅተኛው ነጥብ ከከፍተኛው ከ0.4 በላይ መሆን አለበት። የእኔን አስልቶ ሰጠኝ፤ 12 ለ31 ሲካፈል 0.39 ይመጣል። ለጥቂት ነው የወደቀው፣ ግን ወድቋል። አጠገቡ ሁለት የተለያየ መለኪያ ይዞ የሚከራከር ካለ እንዳይደንቀውም አስጠንቅቋል። መለኪያዎቹ የሚያነቡት የሞገድ ክልል ስለሚለያይ በአንድ መብራት ላይ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ለማሽኑ አምራቹ ያዘዘውን መለኪያ ያዝ፣ ሁልጊዜም በዚያው ለካ።

መልስ 19። አንድ ሰው ስለ መንገድ ዳር መብራቶች ጻፈ። የሠፈሩ የሶላር ፖሎች ግማሽ ፍሬያቸው ጠፍቶ እንደበሩ ነው የሚቆጠሩት። ከርዕሱ ወጣ ያለ ነው፣ በሽታው ግን አንድ ነው።

መልስ 20። ኤልኢዲዬን እንዴት ልጠግን የሚለው ሌላ ጠብ አስነሳ። አንድ የጥገና ባለሙያ የተቃጠለችውን ፍሬ በሽቦ አገናኝተህ እለፋት፣ ረድፉ ይበራል ብሎ መከረ። ወይም ከመርካቶ ሰማያዊ ፍሬ ገዝተህ ተካ።

መልስ 21። ስክሪን የሚጠግነው ልጅ ይህን አልተቀበለም። ማስታወቂያ ስክሪን ላይ እሱም ያደርገዋል። እዚህ ግን ሥሩ የተኛው ሕፃን ነው። ኃይል ሰጪው ኤሌክትሪኩን የማይቆጣጠር ዓይነት ከሆነ የቀሩት ፍሬዎች ከልክ በላይ ይወስዳሉ። ከገበያ የሚገዛው ሰማያዊም 450 ናኖሜትር ይሁን 470 በዓይን አይለይም። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። መልስ 20 የጻፈው ሰው በምላሹ ስለ ልጁ ዕድሜ አንድ ነገር ተናገረ፣ ባይናገር ጥሩ ነበር። ልጁ አልመለሰለትም። እኔ የልጁን ምክር ነው የወሰድኩት።

መልስ 22። መልስ 9 ላይ የተቆጣው ቴክኒሻን ተመልሶ መጣ፣ ከሁሉም የሚጠቅም ነገር ይዞ። የመሐንዲሱ ዘዴ በእጅም ይሠራል ይላል። ሕፃን በሌለበት ማሽኑን አብራና ቢያንስ 10 ደቂቃ ይሙቅ። መለኪያውን አንድ ቦታ አስቀምጠህ አትነካካው። ጥቁር ካርቶን ቆርጠህ አንዱን ረድፍ ብቻ ሸፍን፣ ንባቡን ጻፍ፣ ካርቶኑን አንሳ፣ ወደ ሚቀጥለው ሂድ። ካርቶኑን ብዙ አታቆየው፣ ይሞቃል። ፍሎረሰንት ላይ አምፖል ነቅለህ ለመለካት አትሞክር። ብዙዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ባላስት (ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ዕቃ) በተርታ ነው የተያያዙት፣ አንዱን ስትነቅል ሁለተኛውም ይጠፋል፣ ሒሳቡ ይበላሽብሃል። የሶኬቱን ቮልቴጅም ከንባቡ ጎን ጻፍ። የድሮው ባላስት ኃይል ሲወርድ አምፖሉን ያደክመዋል። እሱ ጋ የማታው ንባብ ከቀኑ ያነሰው በዚህ ነበር።

መልስ 23። የመጨረሻው የእኔ ነው። ጓደኛዬ መለኪያውን ለ1 ሳምንት ተወልኝ። ቅዳሜ ክፍሉ ጋብ ሲል ከዚያችው ነርስ ጋር ሦስቱንም ለካን።

የመጀመሪያው ፍሎረሰንት መሐል ላይ 9 ነበር። ፕላስቲክ ሽፋኑን አውልቀን በለስላሳ ጨርቅ ጠረግነው፣ 13 ሆነ። ዳር ዳሩን ነጭ አንሶላ ስንሰቅል ብርሃኑን እየመለሰ 15 አደረሰው። አየር መግቢያውን አልሸፈንንም። በካርቶን አንድ በአንድ ስናይ ከ6ቱ አምፖሎች አራቱ ተቀራራቢ ናቸው፣ ሁለቱ ምንም የሚሰጡት የለም ማለት ይቻላል። እነዚያ ሁለቱ ነጭ ነበሩ። ከሰማያዊዎቹ መሐል ተራ የቤት አምፖል አንድ ሰው ገጥሞባቸዋል። በርተው ሲታዩ ማሽኑ እንዲያውም የደመቀ ይመስል ነበር። መልስ 4 ያለው ዓይኔ እያየ ሆነ።

ሁለተኛው ፍሎረሰንት 22 ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ተመሳሳይ። ለጊዜው ከባድ ያልሆኑት ሕፃናት እዚያ ይተኛሉ።

ኤልኢዲው ገና አልተጠገነም። ፍሬው ታዟል። እስከዚያ ድረስ ማሽኑ ላይ በትልቁ የተጻፈ ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ መሐል 31፣ እግር በኩል 12፣ የተለካበት ቀንና የእኔ ስም። ነርሷ ከሥሩ የገመዱን ርቀት ጨመረችበት።

መለኪያውን የምመልሰው ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱን ነጭ አምፖሎች በሰማያዊ ቀይሬ በካርቶኑ እንደገና እለካለሁ። 6ቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ግምጃ ቤት ያለው ግን 4 ብቻ ነው። ከእናንተ አዲስና አሮጌ አምፖል ቀላቅሎ ወር በወር የለካ ካለ ቁጥሩን ይጻፍልኝ።